ምሳ ዕቃዋን ራሷ መክፈት ትችላለች?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ትምህርት ቤት ሊገቡ ስለደረሱ ወይም ገና ስለገቡ ትንንሽ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ 11 ዓመት ነርሰሪ አስተምሬያለሁ። ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ፕሪስኩል ውስጥ (ከአንደኛ ክፍል በፊት ካለው ከኪንደርጋርተን የሚቀድም ትምህርት ቤት) ረዳት አስተማሪ ሆኜ እሠራለሁ። ስለዚህ የምመልሰው ከሥራዬም ከቤቴም ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን አሉ? ልጄ ሚሚ 4 ዓመት ሊሞላት ነው። በመጪው ሴፕቴምበር ፕሪስኩል ትጀምራለች፣ በዓመቱ ኪንደርጋርተን። እኔ ነርሲንግ ሆም የማታ ሽፍት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ልጅቷን ያሳደገችልን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ናት። ሚሚ ኤ ቢ ሲ ዲን እስከ መጨረሻው ትለዋለች። እስከ 30 ትቆጥራለች። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱን ለማየት ሄጄ ነበር። ልጆቹ አሸዋ ይሰፍራሉ፣ እንጨት ይደረድራሉ፣ አንዷ የውሸት ወጥ ትሠራለች። ሲጽፍ ያየሁት ልጅ የለም። ይህን ሁሉ ገንዘብ የምከፍለው ለጨዋታ ነው እንዴ? የጎረቤቴ ልጅ በ4 ዓመቷ ማንበብ ጀምራለች። የኔዋ ኪንደርጋርተን ሳትገባ ምን መማር አለባት? እኔስ ቤት ውስጥ ምን ላስተምራት?

የሚሚ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ራሴ ልጅ ልንገርሽ። ኪንደርጋርተን ልትገባ ስትል ነው። አስተማሪ ነኝና ቤት ውስጥ በደንብ አዘጋጅቻት ነበር። 26ቱንም የእንግሊዝኛ ፊደላት ታውቃለች። ስሟን ትጽፋለች። እስከ 100 ትቆጥራለች። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ዕቃዋ እንዳለ ተመለሰ። አዲስ ቦታ ስለሆነባት ነው አልኩ። በሁለተኛውም ቀን እንዳለ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። «ማንም አላጎረሰኝም» አለችኝ። ክዳኑን ለመክፈት ሞክራ አቅቷታል። አስተማሪዋን «ክፈችልኝ» ማለት ደግሞ አፍራለች። ሦስት ቀን ሙሉ ምግቧ ፊቷ ተቀምጦ በረሃብ ውላለች። ያን ማታ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። መቶ ድረስ እንድትቆጥር ስደክም ክዳን መክፈት አላስተማርኳትም።

ለዚህ ነው «ምን መማር አለባት?» ስትዪኝ ከፊደል የማልጀምረው።

አሁን ወዳየሽው አሸዋ እንምጣ። በትንሽ ኩባያ እየሰፈረ ትልቁን የሚሞላ ልጅ ስንት ትንሽ በአንድ ትልቅ እንደሚገባ በእጁ እያወቀ ነው። ሒሳብ ነው። እንጨት የሚደረድረውም ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ መሆን እንዳለበት የሚገባው ፎቁ ሦስቴ ሲፈርስበት ነው። ጎኑ ያለው ልጅ ረጅሙን እንጨት ሲፈልግ ደግሞ «ስትጨርስ ስጠኝ» ማለትን ይማራል። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው። የ4 ዓመት ልጅ የሚፈልገውን ነገር በሰው እጅ ላይ አይቶ ሳይነጥቅ ከጠበቀ ብዙ ተምሯል። ይህን ያልቻለ ልጅ ኪንደርጋርተን ውስጥ 20 ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ አስተማሪ መካፈል በጣም ይከብደዋል።

የውሸት ወጥ የምትሠራዋን ልጅማ ታውቂያታለሽ። እኛ ዕቃ ዕቃ የምንለው ነው። «እኔ እናት ልሁን፣ አንቺ እንግዳ ሁኚ፣ አሁን በሩን አንኳኪ» ትላለች። መጀመሪያ ምን ሆነ፣ ቀጥሎስ፣ በመጨረሻስ የሚለውን ይዛ ትሄዳለች። በኋላ መጽሐፍ ሲነበብላት ታሪኩን እንድትከተል የሚረዳት ይህ ነው። ቃላትም የሚበዙላት እዚያ ነው። እኔ ከክፍሉ ሁሉ የምወደው ያን ጥግ ነው፤ በጸጥታ ዳር ሆኜ ስሰማቸው እውላለሁ።

ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ማን መጣ? ማን ቀረ? ይቆጠራል። ውጭው ፀሐይ ነው ወይስ ዝናብ? አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። በመጀመሪያው ወር 5 ደቂቃ ሳይነሣ የሚቀመጥ ልጅ ካለ ደስ ይለኛል። በረዶው ካለፈ በኋላ እነዚያው ልጆች 15 ደቂቃ ተቀምጠው ተረት ያዳምጣሉ። ሥራም ይሰጣቸዋል፤ አንዱ የሰልፍ መሪ፣ አንዷ በር ያዥ፣ ሌላው ተክል አጠጪ። ተራው ያልደረሰው ሳምንቱን ይጠብቃል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ሞክሪ። 7 ሲኒ ደርድሪና «ቁጠሪልኝ» በያት። ጣቷን እያንዳንዱ ሲኒ ላይ አንዴ ብቻ ታሳርፋለች? ወይስ አፏ ከጣቷ ቀድሞ ይሮጣል? ስትጨርስ «እና ስንት ናቸው?» በያት። «ሰባት» ካለች ገብቷታል። እንደገና ከአንድ ከጀመረች ግን የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ገና አላወቀችም። አትደንግጪ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ነገር ነው። እስከ 30 መቁጠሯ መልካም ነው፣ ግን እንደ መዝሙር በቃል የተያዘ ሊሆን ይችላል። ሰባቱን ሲኒ በትክክል ማወቅ ከዚያ ይበልጣል።

ማስተማሪያውም ቤትሽ አለ። እናትሽ ቡና ስታፈላ ሚሚ ሲኒ ታቅርብ። ስድስት ሰው ከሆነ ስድስት ሲኒ። አራት ብቻ ካመጣች ስንት ጎደለ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ነው። እንጀራው ክብ ነው፣ ሳምቡሳው ባለ ሦስት ማዕዘን። ካልሲ ከታጠበ በኋላ ጥንድ ጥንዱን ትፈልግ። የአባቷ ትልቅ፣ የሷ ትንሽ። ፕሪስኩል ውስጥ በውድ ዕቃ የምናስተምረው መመደብና ማወዳደር ይኸው ነው።

ፊደልን በተመለከተ ከስሟ ጀምሪ። ፕሪስኩል ስትገባ ቦርሳዋን የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ ስሟ ተለጥፎ ታገኘዋለች። ከብዙ ስሞች መካከል የራሷን መለየት የመጀመሪያው ንባብ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ልጆች ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ብዙ ፊደላትን ይለያሉ፣ የቃልን መጀመሪያ ድምፅ ይሰማሉ። ይህን ድምፅ መስማት በአማርኛም ማለማመድ ትችያለሽ። ቃሉን እያጨበጨባችሁ በሉት፤ ቡ-ና፣ ሁለት ጭብጨባ። ከ-በ-ሮ፣ ሦስት። ቤት ውስጥ በ«በ» የሚጀምር ምን አለ? በር፣ በርበሬ። ይህን ጨዋታ መኪና ውስጥም፣ ልብስ ስታጥፊም መጫወት ይቻላል። ቃል ከድምፆች እንደተሠራ አንዴ ከገባት በእንግሊዝኛውም ያገለግላታል።

የጎረቤትሽ ልጅ ማንበብ መጀመሯ ደስ ይላል። አንዳንድ ልጅ ቀድሞ ያነባል። ግን በ4 ዓመቷ የማታነብ ልጅ ወደ ኋላ ቀረች ማለት አይደለም። ማንበብ በደንብ የሚያስተምሩት ኪንደርጋርተንና አንደኛ ክፍል ናቸው።

እርሳስ ለመያዝ እጇ መጠንከር አለበት። የ4 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንት ገና እየጠነከረ ያለ ነው። ክብ መሣል ወደ 3 ዓመት፣ የመስቀል ቅርጽ ወደ 4 ዓመት ይመጣል፤ አራት ማዕዘን ከዚያ በኋላ ነው። አራት ማዕዘን መሣል ያልቻለችን ልጅ ፊደል በመስመር ላይ ጻፊ ማለት አላግባብ ማድከም ነው። ይልቅ ሊጥ ስጫት፤ ትጨምቅ፣ ታድቦልብል። ምስር ትልቀም። ብርቱካን ትላጥ። ድፍን ጫፍ ባለው የልጆች መቀስ አሮጌ ጋዜጣ ትቁረጥ። ጽሕፈት የሚመጣው ከእነዚህ ጣቶች ነው።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። እኔ ክፍል ውስጥ የኛን ልጆች ከሌሎቹ በአንድ ነገር እለያቸዋለሁ። ጎበዞች ናቸው፣ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ግን እንዲያለብሷቸው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ምግብ ሲመጣ አፋቸውን ይከፍታሉ። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ይቅር ማለቴ አይደለም። እናትሽ እሑድ ቀን ታጉርሳት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ሚሚ በራሷ እጅ ትብላ፣ ቢፈስባትም። ጃኬቷን ራሷ ትልበስ፣ ዚፑን ራሷ ትሳብ። ጫማዋን ቀኝና ግራ ለይታ ታድርግ። መጸዳጃ ቤት ብቻዋን ገብታ፣ ሱሪዋን ዝቅ አድርጋ፣ ተጣጥባ ትውጣ። ለዚህ ሲባል ቀበቶና ብዙ ቁልፍ ያለው ሱሪ አትግዢላት፤ ባለ ላስቲኩ ይሻላል። ምሳ ዕቃውን አስቀድመሽ ግዢና ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት በሱ ትብላ። ከፍታ፣ በልታ፣ ከድና። ጠዋት ተቻኩላችሁ ሳለ «ነይ ላልብስሽ» ማለት ይቀልላል፤ አውቀዋለሁ። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ተነሡ።

ሌላው መጠየቅ ነው። እኛ ጨዋ ልጅ የምንለው ዝም የሚለውን፣ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን የሚደፋውን ነው። እዚህ አገር አስተማሪዋ ያን ልጅ «አልገባውም» ወይም «ታሟል» ብላ ልታስብ ትችላለች። ሚሚን ቀና ብላ እያየች መናገርን አስተምሪያት። «አልገባኝም»፣ «እርዱኝ»፣ «ገና አልጨረስኩም»፣ «ተወኝ፣ አልወደድኩትም» ማለት ነውር እንዳልሆነ ንገሪያት። እንግሊዝኛ ስለማትችል ሦስት ነገር ብቻ ታጥና፤ «ሄልፕ ሚ ፕሊስ»፣ «አይ ኒድ ዘ ባዝሩም»፣ «አይ አም ኸርት»። ሌላውን ከልጆቹ ትለቅመዋለች። አሻንጉሊቷን ይዛችሁ ተለማመዱት። አንቺ አስተማሪ ሁኚ፣ አሻንጉሊቷ ሽንቷ መጥቷል፣ ምን ትበል?

ጥቂት ስለ ወረቀቱ። በሜሪላንድ ኪንደርጋርተን የሚገባ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 5 ዓመት መሙላት አለበት። ገንዘቡ ከከበዳችሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለ4 ዓመት ልጆች ፕሪ-ኬ የሚባል ከኪንደርጋርተን በፊት ያለ ክፍል አለ፤ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች በነፃ ያስተምሩበታል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለው የፌደራል መንግሥት የሕፃናት ትምህርት ፕሮግራም፣ ሄድ ስታርትም፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በነፃ ነው፤ እሱም ገቢ ያያል። ከመክፈልሽ በፊት ሁለቱንም ጠይቂ። ስታስመዘግቢያት «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» ይሉሻል። አንዳንድ ወላጅ ልጄን ዝቅ ያደርጉብኛል ብሎ እንግሊዝኛ ብሎ ይሞላል። አማርኛ ብለሽ ጻፊ። የእንግሊዝኛ ድጋፍ የምታገኘው በዚያ መልስ ነው። አንቺም ከአስተማሪዋ ጋር ስትነጋገሪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለሽ፤ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም።

የመጀመሪያው ቀን ስታለቅስ ተደብቀሽ አትውጪ። ሳሚያት፣ «ምሳ በልታችሁ፣ ትንሽ ተኝታችሁ ስትነሡ እመጣለሁ» በያት፣ ሂጂ። በተባለው ሰዓትም ተገኚ።

ጥያቄ፦

ልጃችን 4 ዓመቷ ነው። ፕሪስኩል ከገባች ስድስት ሳምንት ሆናት። ቤት ውስጥ በአማርኛ አፏ አይዘጋም፤ ትዘፍናለች፣ ትከራከራለች። አስተማሪዋ ግን «ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አትናገርም» አለችን። ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እንናገር ትላለች። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ማን ነው ትክክል?

የተጨነቀ አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦

ወንድሜ፣ አንተ ነህ። ባለቤትህም የምትለው ለልጇ ብላ ነውና አትከራከራት፤ ይህን አብራችሁ አንብቡት።

አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሰማል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ አንዳንዴ ወራት። ያ ጊዜ ባዶ አይደለም። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ ድምፅዋን አልሰማሁም። ግን «ጃኬታችሁን አምጡ» ሲባል ቀድማ የምትነሣው እሷ ነበረች። ሲዘፈን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ከጎኗ ያለው ልጅ ቀለሟን ሲወስድባት «ዛትስ ማይን!» (የኔ ነው!) ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ስለዚህ አስተማሪዋን «ትናገራለች ወይ?» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። የተባለችውን ታደርጋለች? ከልጆች ጋር ትጫወታለች? በጣቷ እያሳየች ትግባባለች? መልሱ አዎ ከሆነ እየተማረች ነው።

ቤት ውስጥ አማርኛውን አትቁረጡ። «ትልቅ»ና «ትንሽ»ን፣ «ከሥር»ና «ከላይ»ን፣ «ትናንት»ና «ነገ»ን በአማርኛ ያወቀች ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቀራት ስሙን መማር ብቻ ነው። ሐሳቡ አላት። ሁለት ቋንቋ መስማት የልጅን አፍ አያዘገይም። እናንተ ደግሞ ተረት የምታውቁት፣ የምትቆጡትና የምታባብሉት በአማርኛ ነው። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ ብትናገሩ ንግግራችሁ ያጥራል፤ «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «ተዪ» ብቻ ይቀራል። ልጅ የሚያስፈልገው ረጅም ወሬ ነው። «ለምን ይመስልሻል?» የሚል ወሬ። መኪና ውስጥ እንቆቅልሽ ጠይቃት፤ «ምን አውቅልህ» ብላ ትመልስ። ማታ «ተረት ተረት» በላት፣ «የላም በረት» ትበል። አንድ ቀን ተራኪዋ እሷ ትሁን።

ለአስተማሪዋ ጥቂት የአማርኛ ቃላት ጽፈህ ስጣት፤ ውኃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ ጎበዝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ልጅህ ከአስተማሪዋ አፍ «ጎበዝ» ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ታያለህ።

አንድ ነገር ግን ልለይልህ። በአማርኛም የማትናገር፣ ስሟ ሲጠራ የማትዞር፣ ወይም ትናገር የነበረውን የተወች ብትሆን ኖሮ ነገ ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ ጆሮዋም ይታይ እልህ ነበር። ይህን ለምታነቡ ሌሎች ወላጆችም ነው የምለው። ልጅ 3 ዓመት ከሞላው የምትኖሩበት አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ እንዲመረምርላችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። የፌደራል ሕግ ነው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያላችሁ ሁለት ዓመት አትጠብቁ።

ጥያቄ፦

ልጄ፣ እኔ ከኮተቤ ነው የምጽፍልሽ። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። 3 ዓመት ከ5 ወሩ ነው፤ ነርሰሪ ገብቷል። በየቀኑ አንድ ሙሉ ገጽ «ኤ» ጻፍ፣ አንድ ገጽ «ሀ» ጻፍ እያሉ ይልካሉ። ልጁ እርሳሱን ሲያይ ያለቅሳል። እጁን ይዤ አጽፈዋለሁ፤ ካልጻፈ ኬጂ አይገባም ይሉኛል። ምን ላድርግ?

አያት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦

እማማ፣ እጁን ይዘው አያጽፉት። ያ ጽሕፈት የእርስዎ ነው፤ ልጁ የሚማርበት መፍራትን ነው። እኔም ነርሰሪ ሳስተምር እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ልኬ አውቃለሁ። ወላጆች ደብተሩ ሞልቶ ካላዩ ልጁ አልተማረም ይሉ ነበር፤ እኔም እሺ እል ነበር። ዛሬ ያን ጊዜ ሳስበው ያሳዝነኛል።

የቄስ ትምህርት ቤቱን ያስታውሱ። ፊደል ቆጠራ ነው መጀመሪያ የነበረው። ልጁ ገበታውን በስንደዶ እየነካ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ይላል። በዓይኑ ያየዋል፣ በጆሮው ይሰማዋል፣ ከጓደኞቹ ጋር ያዜመዋል። ቀጥሎ ንባብ፣ ዳዊት። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። የ3 ዓመት ልጅ ብዕር ይዞ አልተቀመጠም።

እርስዎ ከመምህሯ ጋር ይነጋገሩ። በእርጋታ፣ ልጁ በሌለበት። «ልጁ እያለቀሰ ነው፤ ገጹ ቀርቶ ሦስት ፊደል ብቻ ይጻፍ፣ ሌላውን በቃል ያጥናልኝ» ይበሏት። ብዙዎቹ መምህራን እንዲህ የሚል ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ግፊቱ ከወላጅም ነውና። ካልተስማሙ የቤት ሥራው ሳይሞላ ይሂድ። እርስዎ ደብተሩ ላይ «ደክሞታል» ብለው ይፈርሙ።

ቤት ውስጥ በትሪ ላይ ጥቂት ዱቄት ይነስንሱለትና በጣቱ ይሣል። ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ያደርጉታል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ክብ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ መስቀል። ሲደክመው ይተወው። ውጭ ወጥቶ ኳስ ይጠልዝ፣ ድብብቆሽ ይጫወት። እርስዎ በሚያውቁት ተረት ደግሞ ያስተኙት። ከአንድ ወር በኋላ እርሳሱን ራሱ ሲያነሣ ጻፉልኝ።